አመዱን እያዩ መቆጣት

ስልኬ ውስጥ ለሰው የማላሳየው አንድ ፎቶ አለ። ስልክ በለወጥኩ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሜ የማሻግረው እሱን ነው። ዛሬ ጠዋት ልጄ ስልኬን ስትጎረጉር አገኘችውና፣ ይቺ ቡችላ የማን ናት፣ ምን ላይ ነው የተኛችው ብላ ወጥራ ያዘችኝ።

ፎቶው ላይ ጆሮዋ ከራሷ የሚበልጥ አንዲት ቡናማ ቡችላ በነጭ አቡጀዲ ላይ በተሰጣ ስንዴ መካከል ጥቅልል ብላ ተኝታለች። የረፋድ ፀሐይ ጀርባዋ ላይ አርፏል። አንዲት የስንዴ ፍሬ አፍንጫዋ ላይ ተለጥፋለች። ለማያውቅ ሰው የሚያስቅ ፎቶ ነው። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ታጥቦ ፀሐይ የመታው ስንዴ ይሸተኛል፤ ቀጥሎ ጤዛ የነካው አመድ ይሸተኛል። ልጄን "የአርብ ገበያ ውሻ ናት" ብዬ ሸኘኋት። ለአንቺ ለጓደኛዬ ግን ከነጥፋቴ ልንገርሽ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ተወልጄ ያደግሁት እስቴ ነው። አስተማሪ ሆኜ ስመረቅ የመጀመሪያ ምደባዬ ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ሆነ። ከዚያ በፊት ብቻዬን አድሬ አላውቅም። ዐርብ ዐርብ ገበያው ሲቆም ከተማዋ በሰውና በአህያ ትሞላለች፤ ግርግሩ፣ አቧራው፣ የበጉ ጩኸት ሌላ ነው። ቅዳሜ ሲነጋ ግን ያ ሁሉ ሰው የት እንደገባ አታውቂም። እኔ ያን የቅዳሜ ዝምታ ነበር የምፈራው። ክፍሌን ዘግቼ ያለቀስኩበት ቅዳሜ ብዙ ነው።

ትምህርት ቤት ውስጥ ግን ማን ደፍሮኝ! ሰባተኛ ክፍል በር ላይ አንዴ ቆም ካልኩ ክፍሉ ጸጥ እረጭ ይል ነበር። ጢም ማብቀል የጀመሩ፣ በቁመት የሚበልጡኝ የባላገር ልጆች ሳይቀሩ የቤት ሥራ ያልሠሩ ቀን ዐይኔን ሽሽት አንገታቸውን ይቀብራሉ። ገና በሁለተኛው ወር ርእሰ መምህሩ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ውስጥ አስገባኝ። ቁጣ የተፈጠረው ለእኔ መሰለኝ።

የተከራየሁት ከአንዲት መነኩሲት ግቢ ነው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ ጭነው በቤታቸው የቀሩ፣ ቀጠን ብለው ዘለግ ያሉ ሴት ናቸው። እማሆይ እንላቸው ነበር። የደብሩ አቃቢት እሳቸው ናቸው፤ ለቁርባን የሚሆነውን ስንዴ፣ መገበሪያውን፣ የሚያዘጋጁት ማለት ነው። ስንዴውን ፍሬ በፍሬ ይለቅማሉ፤ የተሰነጠቀች፣ የጠቆረች፣ ነቀዝ የቀመሳት አንዲት ፍሬ አታልፋቸውም። ከዚያ ያጥቡታል፤ ሰሌን ላይ ነጭ አቡጀዲ አንጥፈው ያሰጡታል። ጋይንት ቤተ ልሔም፣ የድጓው ትምህርት ቤት፣ ተምረው የመጡ መሪጌቶች እንኳ "የእማሆይ መገበሪያ" እያሉ ሲያመሰግኑ ሰምቻለሁ። ያን ስንዴ እንኳን እንስሳ እኔም ብሆን አልነካውም። ገና በወር አበባ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት መገበሪያ አትነካም፤ ሥርዓቱ ነው፤ የገባሁ ዕለት ነግረውኛል።

ያቺን የፎቶዋን ቡችላና ወንድሟን ያገኘኋቸው በዐርብ ገበያ ነው። አንድ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ከባሕር ዳር ያመጣት ጸጉራም፣ ትንሽ ውሻ ነበረችው። እሷ ከአገሬው ውሻ ጋር ተገናኝታ አራት ወለደች። ሁለቱን ሰው ወሰደለት፤ ሁለቱ ግን እግራቸው ከማጠሩ የተነሣ የሚፈልጋቸው ጠፋ። ዘንቢል ውስጥ አድርጎ ለወሰደ ሁሉ በነጻ ይሰጣል። ባላገሩ እያነሣ፣ እያገላበጠ፣ "ይሄማ ለጅብ ቁርስም አይበቃ" እያለ ይመልሳቸዋል። እኔ ጎንበስ ብዬ ሳያቸው ሁለቱም ባንዴ ቀና ብለው አዩኝ። ያ ዐይን! እርጥብ፣ ክብ፣ ገና ወተት ያልደረቀለት ዐይን። አንጀቴን በሉት። በፎጣዬ ጠቅልዬ ወደ ቤት።

እማሆይ በር ላይ አገኙኝ። ፎጣው ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አሳየኋቸው። እንደ መብረቅ ይጮኹብኛል ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ ይህ የመገበሪያ ቤት ነው፣ ውሻ ኖሮበት አያውቅም አሉኝ። እኔም ያለ ምንም ኀፍረት፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴ አባሏ፣ ደጃፍ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ብቻዬን መሆን እንደከበደኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የማናግረው እንደሌለኝ ሁሉ ዘከዘክሁት።

እማሆይ ቡችሎቹን ዘወር ብለው እንኳ አላዩአቸውም። ወደ ጓዳ ገቡ፤ በአካፋ አመድ ይዘው ወጡ። ከአጥሩ ጀምረው እስከ ቤቱ ግድግዳ ድረስ ግቢውን ለሁለት የሚከፍል የአመድ መስመር አሰመሩ።

"ከዚህ ወዲያ ያንቺ፤ ከዚህ ወዲህ የኔና የመገበሪያው። አንድ ቀን ስንዴዬ ላይ ባገኛቸው፣ በመጣው ገበያ ወደ ቆላ ይወርዳሉ። ያን ጊዜ እንባሽን አላይልሽም።"

እሺ አልኳቸው። ምን ያላልኩት አለ? ያን ቀን ሰማይን ተሸከሚ ቢሉኝም እሺ ነበር የምለው።

ወንዱን አንበሴ አልነው፤ ቁመቱ ከጫማዬ ብዙ አይበልጥም ነበር። ሴቲቱን ስሟን ያወጡላት ራሳቸው እማሆይ ናቸው። አንድ ጠዋት የውኃ ባልዲ ውስጥ ተዘፍቃ ጆሮዋ ብቻ ተንሳፍፎ ሲያገኟት "ጉዴ!" አሉ፤ በዚያው ጉዴ ሆና ቀረች።

እስቲ እኔን በቁጣ እይኝ። አንበሴ ያለችኝን አንዲት ደህና ጫማ በላት፤ ሳምንቱን ሙሉ በኮንጎ ጫማ አስተማርኩ። ጣቴን ቀስሬ ልቆጣው ተንበረከክሁ። ቀስ ብሎ መጥቶ የቀሰርኩትን ጣት ላሰው። ጉዴ ደግሞ ገና ስሟን ስጠራ በጀርባዋ ተንጋላ ሆዷን ወደ ሰማይ ትሰጥና አንድ ዐይኗን ገርበብ አድርጋ ታየኛለች፤ ልትቆጪ ነው ወይስ ልታኪልኝ የምትል ነው የምትመስለው። አክላት ነበር፣ ምን ልዋሽሽ! ጭራሮ ባነሣ ጨዋታ ይመስላቸውና ጫፉን ነክሰው ይጎትታሉ። ፊቴን ላጠቁር እሞክራለሁ፤ ከንፈሬ ያመልጠኛል። ሰባተኛ ክፍል ያን ጊዜ ቢያየኝ ኖሮ በማግሥቱ ማን ይሰማኝ ነበር።

እማሆይ ግን ሌላ ናቸው። አንዴም ሲመቷቸው፣ አንዴም ሲጮኹባቸው አላየሁም። ስንዴ ሲለቅሙ ሁልጊዜ ዝግ ባለ ድምፅ ያወራሉ፤ ለማን እንደሚያወሩ አይታወቅም፤ ከፊሉ ጸሎት፣ ከፊሉ የሰፈር ወሬ ነው። ቡችሎቹ ያን ድምፅ ወደዱት። ከአመዱ ወዲያ ተጋድመው ያዳምጣሉ። አንዳቸው መዳፉን አመዱ ላይ ያሳረፈ እንደሆነ እማሆይ ወሬያቸውን ቀጥ ያደርጋሉ። እጃቸው ይቆማል። ዐይናቸውን አመዱ ላይ ተክለው ዝም ይላሉ። ዝም። ውሻውን አያዩትም፣ አይጠሩትም፣ አያባርሩትም። ቡችላው ይጨንቀዋል፤ ጭራውን ቢቆላ የሚያየው የለም፤ ቢያለቅስ መልስ የለም። በመጨረሻ መዳፉን ራሱ ይስባል። ያን ጊዜ እማሆይ ካቆሙበት ቃል ላይ ይቀጥላሉ። እንዲህ ያለ ተግሣጽ በዕድሜዬ አላየሁም። ውሻን በዐይናቸው እንኳ ማየት የተጠየፉ ኮስታራ ሰው ናቸው ብዬ ፈራኋቸው፤ ደግሞም አብዝቼ አከበርኳቸው።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁለቱም መስመሩን ዐወቁ። ያላወቅሁት እኔ ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጠዋት ፀሐይ ቀድማ የምትወጣው በእማሆይ በኩል ነው። ብርዱ ደግሞ የጋይንት ብርድ ነው፤ ታውቂዋለሽ። እማሆይ ጎሕ ሲቀድ ኪዳን ለማድረስ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። እኔ ደብተር ይዤ ፀሐዩ ጋ እቀመጣለሁ። ቡችሎቹ ከአመዱ ወዲያ ጥላው ውስጥ እየተንቀጠቀጡ ያዩኛል። "ለዛሬ ብቻ" እላቸዋለሁ። ይሻገራሉ፤ ብስኩት እሰጣቸዋለሁ፤ እማሆይ ሊመለሱ ሲሉ ወደ ቦታቸው መልሼ የተበተነውን አመድ በእግሬ አስተካክላለሁ። ለዛሬ ብቻ ያልኩት ስንት ዛሬ እንደሆነ አትጠይቂኝ።

አንድ ቀን እማሆይ መስመሩን ሲያድሱ፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ "ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል" አሉ። ስለ አጥሩ የሚያወሩ መስሎኝ፣ አዎ እማሆይ፣ በጓሮ በኩል ላልቷል አልኳቸው። አመዱን ማፍሰሳቸውን ቀጠሉ።

እንግዲህ ወደዚያች ቅዳሜ ልምጣ። የደብሩ ንግሥ አንድ ሳምንት ቀርቶታል። እማሆይ የንግሡን መገበሪያ ለቅመውና አጥበው ጨርሰው አስጥተውታል፤ ከሰዓት በኋላ ቄሰ ገበዙ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት ቄስ፣ መጥተው ይወስዱታል። ጠዋት ላይ ከወንዝ ማዶ ዘመዳቸው ማረፋቸው ተሰማ። ቀብር አይቀርም። እማሆይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ወጡና ቃሉን አንድ በአንድ ሰጡኝ፦ አመዱ ጋ ተቀመጪ፤ ወፍና ዶሮ አባርሪ፤ ስንዴውን በእጅሽ አትንኪ፤ ውሾቹን ዘግተሽባቸው ዋይ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሰው እጅ ጥለውት የማያውቁትን ነገር ለእኔ አምነው ሄዱ።

ዘጋሁባቸው። አለቀሱ። በሩን በእነዚያ ትንንሽ ጥፍሮቻቸው ይቧጥጡት ጀመር። ታገሥኩ፣ እውነቴን ነው፣ ጥቂት ታገሥኩ። ከዚያ ጉዴ በበሩ ሥር ባለው ክፍተት አፍንጫዋን አውጥታ አሸተተችኝ። ጥቁር፣ እርጥብ፣ የአንዲት ሽምብራ ያህል አፍንጫ ብቻ። ከፈትኩላት።

እማሆይ ቢኖሩ ኖሮ ጉዴ ከአመዱ ወዲያ ትቀር ነበር። ግን እሷም ሞኝ አይደለችም፤ ማን እንዳለና ማን እንደሌለ ታውቃለች። ዘወር ብላ አየችኝ፤ እኔን፣ ያቺን "ለዛሬ ብቻ" ባይ ሴትዮ። አመዱን ረግጣ አለፈች፤ ነጩ ጨርቅ ላይ ወጣች፤ የሞቀውን ስንዴ በመዳፏ ገፋ ገፋ አድርጋ ጎድጎድ ያለች ስፍራ አበጀችና ተጠቅልላ ተኛች። ያኔ መጮኽ ነበረብኝ። ስልኬን አወጣሁ። ያን ልጄ ያገኘችውን ፎቶ ያነሣሁት ከመቆጣቴ በፊት ነው።

ካነሣሁ በኋላ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ። ብድግ አድርጌ አወጣኋት። የተኛችበት ስፍራ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ሁለት ሦስት ቡናማ ጸጉርም አለበት። ደነገጥኩ፤ ቡችሎቹ ወደ ቆላ ሲወርዱ፣ እኔም ከቅዳሜዬ ጋር ብቻዬን ስቀር ታየኝ። የተማርኩ ነኝ አይደል? ጉዴ የነካችው ይኸው እፍኝ ነው፤ የቀረው ምን ሆነ ብዬ አሰብኩ። በዚያ እንዳይነካው በተከለከለው እጄ ከነጸጉሩ እያፈስኩ በአጥሩ ላይ ወደ ጎረቤት ግቢ በተንኩት። የቀረውን ስንዴ አደላድዬ ጎድጓዳውን ሞላሁት። አመዱን አስተካከልኩ። ጉዴ አንድ ጥፋት አጠፋች፤ እኔ በላይዋ ሦስት ጨመርኩ።

እማሆይ በቀትር ተመለሱ። ደክሟቸዋል፤ እግራቸው በአቧራ ነጥቷል። እንደ ልማዳቸው በትልቁ በር ሳይሆን መንገድ ለማሳጠር በጎረቤት ግቢ በኩል ነው የገቡት። ይህን ልብ ያልኩት ቆይቼ ነው። ስንዴውን ቆመው አዩት። ወደ እሱ የቀረበ ነገር እንዳለ ጠየቁኝ።

"ምንም አልቀረበውም፣ እማሆይ።" ዐይኔን በጨው ታጥቤ።

እሺ አሉ። ተቀምጠው ስንዴውን ወደ ከረጢት ማስገባት ጀመሩ። ያ ሁልጊዜ የማይቋረጥ ድምፃቸው ግን የለም። ጸሎት የለ፣ ወሬ የለ። አንዳንዴ እጃቸውን ያቆሙና አመዱን ያያሉ። ከአመዱ ወዲያ እኔና ሁለቱ ቡችሎች ተቀምጠናል። ፀሐዩ ወደ ጎን ዞረ፤ ከሩቅ የሚወቅጥ ሙቀጫ ይሰማል። ምን ብዬ ልንገርሽ፣ ተቆጥተውኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ደብተር ገለጥኩ፤ አንድም ፊደል አይታየኝም። ብናገር ውሾቼን አጣለሁ። ዝም ብል ያ ስንዴ ወደ ቤተ መቅደስ ይገባል፣ የእኚህ ሴት የሠላሳ ዓመት ንጽሕና በእኔ ውሸት ይቆሽሻል፣ የማውቀው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። እንዲያ ነበር የመሰለኝ።

ቄሰ ገበዙ መጡ። መስቀል አሳልመውን ተቀመጡ። እማሆይ ቆሎ አቀረቡላቸው። ስለ በሬአቸው ጠየቋቸው። ነርስ ለመሆን ስለምትማረው ልጃቸው ጠየቋቸው። ስለ ገብሱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ሲማዳ ስላለው እኅታቸው ጤና ሳይቀር ጠየቋቸው። እማሆይ እንዲህ ጠያቂ ሰው አልነበሩም። ቄሱም ግራ ሳይገባቸው አልቀረም፤ በመጨረሻ፣ በሉ እማሆይ፣ ይመሻል ብለው ተነሡና ከረጢቱን ለመሸከም ጎንበስ አሉ።

"አባ፣ አይውሰዱት።"

ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። ቆሜ ነበር፤ መቼ እንደተነሣሁ አላውቅም። ሁሉንም ተናገርኩ፤ በሩን መክፈቴን፣ ጉዴ መተኛቷን፣ እጄን፣ የበተንኩትን፣ ውሸቴን። ፎቶውን ብቻ አስቀረሁ። ቄሰ ገበዙ ከረጢቱን እንደ ጋለ ነገር ለቀቁት። እኔ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እያልኩ ጉዴን አቅፌ ቀረሁ።

እማሆይ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡና ሌላ ከረጢት ይዘው ወጡ፤ አፉ በነጭ ክር የታሰረ፣ ንጹሕ።

"ይኸውልዎ አባ፣ የንግሡ ይሄ ነው። ያኛውን ቀቅላ ለነዳያን የምታድል እሷ ናት።"

ለክፉ ቀን ብለው አንድ መገበሪያ ሁልጊዜ አስቀድመው አዘጋጅተው እንደሚያስቀምጡ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ቄሱ ከረጢቱን ተሸክመው ሄዱ። እኔም አንገቴን ደፍቼ፣ መቼ ነው ያወቁብኝ አልኳቸው። የጎረቤት ዶሮዎች እንዲያ ተለቅሞ የታጠበ ስንዴ ሲጭሩ ባየሁ ጊዜ አሉኝ። እሳቸው የለቀሙትን ፍሬ ከገበያ ፍሬ የሚለዩ ሰው ናቸው። ታዲያ ከቀትር ጀምሮ ሲያውቁ ያን ሁሉ ሰዓት ቄሱን በወሬ የያዙት፣ ያን ሁሉ ዝም ያሉት፣ መዳፌን ራሴ እስክስብ ነበር።

"ባልናገርስ ኖሮ፣ እማሆይ?"

"አንቺን አስለቅቅሽ ነበር" አሉ፤ ከዚያ ጉዴ ባለችበት በኩል አገጫቸውን ጣል አድርገው፣ "እነሱን አስቀር ነበር። ውሻ ምን ያውቃል።"

ሳቄና ልቅሶዬ አንድ ላይ መጣ። በዚያው ፎቶውንም ተናዘዝኩ። መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ወደ ዐይናቸው አስጠጉት። ለረጅም ጊዜ አዩት። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር አለቀሱ ብዬ ደነገጥኩ፤ ለካስ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው እየሳቁ ኖሯል። ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። አፍንጫዋ ላይ ያለችውን ፍሬ በጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጓት።

"እኔስ አንጀቴ የሚጨክንልኝ መስሎሻል?" አሉኝ። "ዐይን ዐይናቸውን ካየሁማ ማን ይችላቸዋል። አመዱን እያየሁ ነው የምቆጣ።"

ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ቁጣ የማውቀው ነገር ሁሉ ተለወጠ። እማሆይ አይከብዳቸውም ብዬ ነበር የማደንቃቸው። ለካ እንደ እኔው አንጀታቸው ይበላ ነበር፤ በየቀኑ፣ በየሰዓቱ፣ ውሾቹ ገና ፎጣዬ ውስጥ ካሉ ጀምሮ። ዐይናቸውን ከውሾቹ ያሸሹት ከመጠየፍ አልነበረም። አሁን ይበልጥ አደነቅኋቸው፤ ያኔ ፈርቼ፣ አሁን ወድጄ። በማግሥቱ ጠዋት አካፋውን አስያዙኝ፤ አመዱን የማሰምረው እኔ ሆንኩ። ብስኩቱም ከአመዱ ወዲያ ቀረ። ውሾቹ ወደ ቆላ አልወረዱም።

ከሦስት ዓመት በኋላ አግብቼ ወደ ወገዳ ስዛወር ልወስዳቸው ፈልጌ ነበር። ዕቃዬን ስጭን እማሆይ "ሁለቱንም?" አሉ። አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ እሷንም የተናገሩት አመዱን እያዩ ነው። ሁለቱንም ተውኩላቸው። በጎረቤት ስልክ ስደውልላቸው የራሳቸውን ጤንነት በአጭሩ ይነግሩኝና ስልኩን ጉዴ ጆሮ ላይ አድርገው፣ በይ ተናገሪ ይሉኝ ነበር። አንበሴ በአንድ ክረምት ታሞ እንደሞተ የነገሩኝም በዚያው ስልክ ነው።

እማሆይ ያረፉት አምና ነው። ለተዝካራቸው ከወገዳ ተነሥቼ፣ ያን የሚያንገላታ መንገድ ተጉዤ አርብ ገበያ ገባሁ። ግቢው ውስጥ ዳስ ተጥሏል፤ ካህናቱ፣ ጎረቤቱ፣ ባላገሩ ሞልቶታል። ቄሰ ገበዙ በጣም አርጅተዋል፤ ግን አልረሱኝም፤ "የዶሮዋ መምህርት" አሉኝ፤ የዶሮዎቹን ነገር እማሆይ ነግረዋቸው ኖሯል። አመዱን የሚያሰምር ሰው ከጠፋ አርባ ቀን ሆኖታል። በዚያ ላይ ዝናብ ወርዶበታል፤ የስንት ሰው እግር ረግጦታል። የት ላይ እንደነበር እኔም ራሴ ከአጥሩ ምሰሶ ጀምሬ በዐይኔ መለካት ነበረብኝ።

ጉዴ እዚያ ነበረች። አፏ ዙሪያው ሸብቷል፤ አንዱ ዐይኗ ደመና ለብሷል። ከቀድሞው መስመር ወዲያ፣ ሁለት መዳፏን አሰልፋ ተጋድማለች። ድግሱ ያለው ወዲህ ነው። አንድ ሰው አጥንት ወረወረላት፤ ሳይደርስ ወዲህ ወደቀ። አየችው፤ አልተነሣችም። ሰውየው ይህ ውሻ ጠግቧል ብሎ ሳቀ። እኔ ሄጄ ከፊቷ ተንበረከክሁ። አወቀችኝ፤ ጭራዋ አቧራውን መታ መታ አደረገ። እማሆይ ስንዴ የሚለቅሙበት ድንጋይ ከኋላዬ ባዶውን ተቀምጧል፤ የእሳቸው ድምፅ እንደገና እስኪጀምር የምትጠብቅ መሰለኝ። ዐይኗን አየሁት። አልቻልኩም።

"ነይ፣ ጉዴ" አልኳት። "ነይ ግቢ። ለዛሬ ብቻ።"

ንቅንቅ አላለችም። ድሮም እኔን ሰምታኝ አታውቅም።